ማይኩ ዝግ ነው ብዬ

ዛሬ በዚህ ሽበቴ፣ ፈታኝ ፊት የዝንጀሮ ሥራ ስሠራ ተያዝኩ።

የልጅ ልጄ ሰዓዳ እዚህ አሶሳ መምህርት ናት። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ማስተርሷን በኦንላይን ትማራለች። ዛሬ የምልክት ቋንቋ ፈተና ነበረባት፤ ኔትወርኩ የሚሻለው ሳሎን ነውና የእኔ ሶፋ ላይ ሆና ተፈተነች።

ስልኩ ፊት ተቀምጣ፣ ማይኩን ዘግታ፣ ያለ ድምፅ እጇን ታንቀሳቅሳለች። እኔ ደግሞ ማይክ ከተዘጋ ድምፄ እንደማያልፍ ካወቅሁ ቆየሁ፤ ስንቱን መምህሯን በዚያ ዘዴ አምቼዋለሁ! ከኋላዋ ቆሜ እጄን እንደሷ አወናጨፍኩ፣ አፌንም አጣመምኩ። የምትስቅ መስሎኝ።

እጇ ቀጥ አለ።

«አባባ፣ ፈታኙ መስማት የተሳናቸው ናቸው። እያዩዎት ነው።»

ጆሯቸው ካሜራው መሆኑን የት አውቄ!

«በኔ ጥፋት እንዳይጥሉሽ ንገሪያቸው» አልኳት። ነገረቻቸው። ሰውየው በእጃቸው መለሱ፤ እሷም አቀርቅራ ተረጎመችልኝ፦ «ልጅ ሆኜ የሰፈር ሰው እንዲህ ያደርግብኝ ነበር። እሷ ከመጀመሪያው ትጀምር፤ እርስዎም ቁጭ ብለው ይመልከቱ።»

ተቀመጥኩ። እነዚህን ባለጌ እጆቼን የት እንደማስገባቸው ጠፋኝ።

ፈተናው ሲያልቅ ይቅርታ እንዴት እንደሚባል ሰዓዳን ጠየቅኋትና፣ በእጄ ይቅርታ አልኳቸው። ፈታኙ ረዘም ያለ ነገር መለሱልኝ።

«ምን አሉኝ?»

«እኔ አልነግርዎትም፤ ተምረው ይድረሱበት» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እናንተስ፣ ማንም አያየኝም ብላችሁ ካሜራ ፊት ምን ጉድ ሠራችሁ? እባካችሁ ንገሩኝ፤ ዛሬ ብቻዬን አፍሬ መተኛት አልቻልኩም።