የእትዬ ፋጡማ ፍርግርግ

ቅዳሜ ዕለት የሕንጻችን ማኔጀር ሁለት ሠራተኞች ልኮ፣ እዚህ በስደት አገር፣ ዋይትሆርን በሚባለው ሰፈር ካለው አፓርታማዬ በረንዳ ላይ በገዛ እጄ የሠራሁትን የእንጨት ፍርግርግ አስነቀለው። ከውጭ ሲያዩት ያስጠላል አሉ። ያስጠላቸው! እንጨቱ ከግንቡ ሲላቀቅ ሲጥ ያለውን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ ምጽዋ፣ እትዬ ፋጡማ ቤት ፊት ለፊት ቆሜ ሰምቼዋለሁ።

ምጽዋ የሄድነው አባቴ ወደብ ላይ ሥራ አግኝቶ ነው። ሰፈራችን የባሕሩን ኮራል ድንጋይ ጠርበው የገነቡት ነበር፤ ግድግዳው ወፍራም፣ በኖራ የተለሰነ፣ ጨው እየበላው በየቦታው የሚፈረፈር። ከሁሉ የሚያምረው የጎረቤታችን የእትዬ ፋጡማ ቤት ነው። ፎቁ ላይ ወደ መንገዱ ብቅ ያለ፣ ዙሪያውን በፍርግርግ የተሸፈነ የእንጨት ሰገነት ነበረው። ቅድመ አያታቸው እንጨቱን ከባሕር ማዶ በጀልባ አስጭነው፣ ያለ አንድ ሚስማር አገጣጥመውታል። ነፋስ ያስገባል፣ ፀሐይ አያስገባም። እሳቸው ከውስጥ ሆነው መንገዱን ሁሉ ያያሉ፤ እሳቸውን ማንም አያያቸውም። ሲወጡም ተሸፋፍነው ስለሆነ እኛ ልጆቹ የምናውቀው ድምፃቸውን ብቻ ነበር። ግድግዳውን በኳስ ስንደበድብ፣ ያ ግንብ ከአያትሽ ይበልጣል፣ ዞር በይ ይሉኛል ከላይ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ፍርግርጉ እንቅልፍ ነሳው። ሰው ሳይታይ የሚያይበት ቤት የአብዮቱ ጠላት መሸሸጊያ ነው አለ። እትዬ ፋጡማ አባቴን ሽማግሌ ላኩ፤ አባቴ ለምኖ ለምኖ አፍሮ ተመለሰ። የስንት ዘመን ጨውና ፀሐይ ያልበገረውን እንጨት በአንድ ጠዋት በዲጂኖ ማገዶ አደረጉት። እጃቸው ይቆረጥ! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እንግዲህ ወይ ጓዳ ይገባሉ፣ ወይ ቤቱን ጥለው ወንድማቸው ዘንድ ይሄዳሉ ብለን ነበር። በማግስቱ ከሰዓት እትዬ ፋጡማ ወንበር አውጥተው፣ አፉን የከፈተው ሰገነት ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን ያየሁት ያኔ ነው፤ ጠይም፣ ቀጭን፣ በንዴት የጠቆረ። ሊቀመንበሩ በሥር ሲያልፍ ቀና አለ።

"ልታየኝ ፈልገህ ነበር፤ ይኸው እየኝ" አሉት፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ።

አቀርቅሮ ሄደ። እሳቸው ግን በየቀኑ እዚያው ይቀመጡ ነበር፤ እሱ ሌላ መንገድ ዞሮ መሄድ እስኪጀምር ድረስ። ቤቱን ኋላ ጦርነቱ አፈረሰው አሉኝ። አንዲት ስንጣሪ እንኳ አልቀረችኝም።

ኮርነርስቶን የሚባለው ሰፈር ቤት የገዛችው ልጄ ስደውልላት፣ "እማ፣ ሌት ኢት ጎ፣ ተይው በቃ፣ ሩል እኮ ነው" አለችኝ። የምን ሩል፣ የምን ደንብ! ስልኩን ዘግቼ ካፖርቴን ለበስኩ፣ ወንበር ይዤ በረንዳ ወጣሁና ተቀመጥኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ማኔጀሩ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሲወርድ ቀና ብሎ አየኝና እጁን አወዛወዘልኝ።

ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቀልኩም።