ስንት ድንጋይ?

አባቴ ሕመም መደበቅ ያውቁበታል። ወገባቸውን ሲቆረጥማቸው አድሮም ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ስላቸው መልሳቸው ያው ነው፤ «አልሐምዱሊላህ።» ሲብስባቸውም ሲሻላቸውም ያችው አንድ ቃል። ሐኪሙ ደግሞ ማስታገሻውን እንደ ሕመማቸው መጠን እንድሰጣቸው ነግሮኛል። ከአንድ ቃል ምን መጠን ይወጣል?

ሸዋ ሮቢት ሒሳብ አስተምራለሁ። ቀስ እያለ የሚወጣና የሚወርድን ፈንክሽን እንደ ደረጃ እየዘለለ በሚሄድ፣ ጥቂት ዋጋ ብቻ ባለው ሌላ ፈንክሽን እንዴት እንደምንጠጋው ለተማሪዎቼ እነግራለሁ። «ልክ እሱን አይሆንም፤ ከተጠጋ ግን ይበቃናል» እላቸዋለሁ። ቤቴ ስገባ ሁለት ደረጃ እንኳ አጥቼ እናደዳለሁ።

መላው የመጣልኝ ከራሳቸው ነው። አባቴ በጉልበታቸው ዘመን የውሃ አባት ነበሩ፤ የመስኖውን ውሃ ለገበሬው ያከፋፍሉ ነበር። በየሽንኩርት ማሳው መግቢያ ቦዩ ላይ ድንጋይ እየደረደሩ ይመጥኑታል፤ ቢበዛ ሦስት ድንጋይ።

«አባዬ፣ ሕመሙን በድንጋይ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ደስ አላቸው።

በማግስቱ ጠየቅኋቸው።

«አልሐምዱሊላህ።»

«እሱን አልጠየቅሁዎትም። ስንት ድንጋይ?»

ትንሽ አሰቡና «አንድም የለ» አሉ።

እሰይ ብዬ መድኃኒቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ለምሳ ስመለስ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጠው፣ ሸሚዛቸው በላብ ርሶ አገኘኋቸው። በሮቢት ሙቀት ሁሉንም ያልበዋል፤ ይሄ ግን ሌላ ነበር።

«አንድም የለ አላሉኝም እንዴ?»

«ድንጋይ የሌለው ቦይ ውሃው ሁሉ ይለቀቅበታል እንጂ ምን ይሆናል፣ ልጄ? ሕመሙ ውሃው ነው።»

እኔ ድንጋዩን ነበር ሕመም ያደረግሁት። ኪኒኑን እያዋጥኳቸው አለቀስኩ፤ እሳቸው ደግሞ እኔን ያባብላሉ።

ከዚያ ወዲህ ተግባባን። ሁለት ሲሉኝ አንድ ኪኒን፣ አንድ ሲሉኝ ሁለት። በሁለት ድንጋይና በአንድ ድንጋይ መካከል ስንት ሕመም እንዳለ አላውቅም፤ ቢሆንም በልተው ይተኛሉ።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ ማስታገስ እንጂ ማዳን እንደማይቻል ነገረኝ። ፊቴን ታጥቤ ገባሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እንዴት ዋልሽ?» አሉኝ።

«አልሐምዱሊላህ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እሱን አልጠየቅሁሽም» አሉና እጄን ያዙ። «ስንት ድንጋይ?»

«አንድም የለ፣ አባዬ።»