የእህቴ አፈር

ኢየሩሳሌም ባለው ቤተ ሙከራችን፣ መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ስታርፍ በቪዲዮ እያየን ነው። የሞተሯ እሳት አፈሩን ይበትነዋል።

"እግሯ ሳይነካ መሬቱን ቦረቦረችው!" ይላል ባልደረባዬ በደስታ።

እኔ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ሱዳን በረሃ ላይ ቆሜያለሁ። ታናሽ እህቴን ገና መቅበራችን ነው። አባቴ ሬሳ ስለነካ፣ እንደ አይሁድ ወጋችን ከእኛ ተለይቶ መቃብሯ አጠገብ ተቀምጧል። ወደ ኢየሩሳሌም ሊወስደን የመጣው አውሮፕላን ሲያርፍ አሸዋው ጥርሴ ላይ ተንቀጫቀጨ። ነፋሱ መቃብሯን ገፈፈው፤ የተከፈነችበት ነጠላ ታየ።

"እናንተ ግቡ፤ አፈሯን መልሼ እደርሳለሁ" አለ አባቴ።

ሳይደርስ የአውሮፕላኑ በር ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም።

ኔቬ ያዕቆብ ሰፈር ያለችው እናቴ ዛሬም "አፈሯን መልሶላት ይሆን?" ትለኛለች።

አፈር ምን ያህል ርቆ እንደሚበተን የማሰላው እኔ፣ "መልሷል እማዬ" እላታለሁ።