ሽቦው ከቆርቆሮው በላይ

ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ተነሣሁ። የቀጠረኝ የጥናት ድርጅት በባኮ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ለምን በኤሌክትሪክ ምድጃ እንደማያበስሉ ጠይቄ እንድመለስ ልኮኛል። አዲስ ዓለም ላይ ቁርስ በልተን ረፋዱ ላይ አምቦ ገባን።

አምቦ

አስተባባሪያችን በሆቴል አዳራሽ ገለጻ ሰጠን። «ሕዝቡ ከጭስ አልላቀቅ ያለው በግንዛቤ እጥረት ነው» አለ። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ ጻፍኩ።

ባኮ

በማግስቱ አውቶቡሱ ጌዶን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። በቆሎው ከሰው ቁመት በልጧል። ከከተማው ወጣ ብላ ባለች መንደር ኦቦ ቶለሳ የሚባሉ ገበሬ ደጃፋቸው ላይ ተቀበሉኝ። የኤሌክትሪክ ሽቦው በቤታቸው ቆርቆሮ አናት ላይ ያልፋል።

«አካም ጅርታ፣ እንደምን ነሽ ልጄ? ግቢ።»

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ በማገዶ በቆሎ ይቀቅላሉ። ያስላቸዋል፤ ዓይናቸው ያነባል። ለምን በኤሌክትሪክ እንደማያበስሉ ጠየቅኳቸውና ድርጅቱ በሰጠኝ ቅጽ ላይ ያሉትን ምርጫዎች አነበብኩላቸው፦ ባህል፣ ፍላጎት ማጣት፣ የግንዛቤ እጥረት።

ኦቦ ቶለሳ ወደ ጓሮ ወሰዱኝና አምስት የማንጎ ጉቶ አሳዩኝ።

«የመብራት ሰዎች ምሰሶ ሲተክሉ ቆረጡት። መብራት ይገባላችኋል ስላሉን በጄ አልን። ኋላ ግን መስመሩ ለከተማ ነው፣ ለእናንተ ትራንስፎርመር የለም አሉን።»

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ትንሿ ልጄ ያኔ ትድህ ነበር። አሁን ስድስተኛ ክፍል ናት።»

አዴ ጫልቱ ከኋላችን መጥተው ነበር። «መብራቱን ያምጡልኝና፣ ያኔም በጭስ ካበሰልኩ መጥተሽ ጠይቂኝ» አሉ።

ቅጹ ላይ «መብራት የለም» የሚል ምርጫ ስላልነበረ በጠርዙ ላይ በእጄ ጻፍኩት። በዚያች መንደር በገባሁበት ቤት ሁሉ ይህንኑ ጻፍኩ።

መልስ

አምቦ ስመለስ አስተባባሪው ቅጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ የጻፍኩትን ይሰርዝ ጀመር።

«ግንዛቤ የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ።»

«መብራት ለሌለው ሰው ስለ ምድጃ ምን ግንዛቤ ልስጠው?»

«አንቺ የተቀጠርሽው ቅጽ ልትሞዪ ነው።»

«እንግዲያው ከሪፖርቱ ስሜን አውጣው» አልኩት። አወጣው።

አዲስ አበባ በማግስቱ ከሰዓት ገባሁ። እስከ ቤቴ ድረስ የተናደድኩት በአስተባባሪው ብቻ አልነበረም፤ አዳራሹ ውስጥ የተባለውን ሳልጠይቅ ባመንኩት በራሴም ጭምር ነው። ሰውን የነፈጉትን ነገር አልፈለገም ብሎ መመዝገብ ሌላ በደል መሆኑን የተማርኩት ከእነዚያ ጉቶዎች አጠገብ ቆሜ ነው። ሪፖርቱ ያለ እኔ ስም ወጣ፤ አዴ ጫልቱም «ግንዛቤ የሌላቸው» ተብለው ተቆጠሩ። አዴ ጫልቱ ግን መብራት ነው የሌላቸው። እዚያ የተሰረዘውን እዚህ ጽፌዋለሁ።