የእትዬ ባንችይርጋ ተራ

ኮምፒውተር ፊት መዋል ሥራ አይደለም የሚል ሰው ካለ፣ መጥቶ አንድ ቅዳሜ በእኔ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ንጋት እባላለሁ፤ ላሊበላ ውስጥ የበቅሎ አከራዮች ማህበር መዝጋቢ ነኝ። ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ ቱሪስት ሲመጣ የማን በቅሎ እንደምትሄድ የምናገረው እኔ ነኝ። ቱሪስቱ ደግሞ እንደ ድሮው መች ይመጣል! ማህበርተኛው አርባ አንድ፣ እንግዳው በጣት የሚቆጠር፣ ስድቡ ሁሉ ወደ እኔ። እውነቱን ልናገር፣ ደክሞኛል።

እትዬ ባንችይርጋ ግን ተሳድበው አያውቁም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ቤታቸው ከአሸተን በታች ነው። መሬታቸውን የእኩል አራሽ ያርሰዋል። የራሴ የሚሉት አንዲት ዳማ በቅሏቸውን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወርዱ በማህበሩ ቢሮ በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

«ንጋትዬ፣ ዛሬስ አወጣኝ?»

«አላወጣዎትም፣ እትዬ።»

«ኮምፒውተሩ ካላወጣኝ እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብለው ይሄዳሉ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው እንዲህ ሲሉ። አንዳንዴማ ሥራ በዝቶብኝ ቀና ብዬ እንኳን ሳላያቸው እመልስላቸው ነበር።

የሚያወጣው ፕሮግራም ቀላል ነው። የአባላቱ ሰንጠረዥ አንድ ሳጥን ሆኖ ይመጣል፣ የጉዞው ሌላ ሳጥን። በማውስ ጎትቼ ሁለቱን በመስመር አገናኛለሁ፣ የምፈልገውን አመለክታለሁ፣ ከታች ደግሞ «የመጨረሻ ጉዞው ከዚህ ቀን በፊት የሆነ» ብዬ እሞላለሁ። አንድ ቁልፍ ስጫን ተረኞቹ ተደርድረው ይወጣሉ። ኮድ የለ፣ ምን የለ። አሠልጣኙ ሲያሳየን «ይሄ አይሳሳትም» ብሎን ነበር፤ እኔም ለሰው ሁሉ እንደዚያው አልኩ።

ከፋሲካ በፊት እትዬ ባንችይርጋ መጥተው እንደ ወትሮው አልሄዱም፤ በሩ ላይ ቆሙ።

«ንጋትዬ፣ ጭዱ አልቋል። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ካልደረሰኝ እሸጣታለሁ። ሲርባት ማየት አልቻልኩም።»

«ይደርስዎታል፣ እትዬ፣ አይዞዎት» አልኳቸው። አፍ አያስከፍልም!

ፋሲካ እንዳለፈ፣ በዚያው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበራችን ጋሽ አዳም እየሮጡ ገቡ። ሰኞ አርባ አንድ ሰው ያለበት ቡድን ይመጣል፤ ያለን በቅሎ ሁሉ ይወጣል፤ የሁሉንም ስም አውጪ አሉኝ። ቀኑን ወደ ዛሬ አምጥቼ ቁልፉን ተጫንኩ። አርባ ስም ወጣ። ደግሜ ተጫንኩ፤ አርባ።

«አንዱ የት ሄደ?» አሉ ጋሽ አዳም።

የድሮውን ደብተር አውጥቼ ካተምኩት ወረቀት ጋር ስም በስም አመሳከርኩ። የጎደሉት እትዬ ባንችይርጋ ነበሩ። የመጨረሻ ጉዟቸው ደብተሩ ላይ በራሴ እጅ ተጽፏል፦ ጳጉሜን ሦስት። ወይኔ ጉዴ! ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ፕሮግራሙ አሥራ ሦስተኛ ወር አልቀበልም አለኝ። በኋላ እሞላዋለሁ ብዬ ባዶ ተውኩት፤ ረሳሁት። ቀን የሌለው ሰው ደግሞ ከየትኛውም ቀን በፊት አይሆንምና ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

በዚያ ጳጉሜን የወጡት በቅሎዎች ሰባት ነበሩ። ስድስቱ ባለቤቶች በየጊዜው መጥተው ጠረጴዛ ደብድበዋል፤ አፋቸውን ለማስያዝ በእጄ ተራ ውስጥ አስገብቻቸው አዲስ የጉዞ ቀን ተመዝግቦላቸዋል፣ ለምን እንደጎደሉ ግን ጠይቄ አላውቅም። ያልጮኹት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቀኑን አስተካክዬ እንደገና ተጫንኩ። ባንችይርጋ፣ ተራ ቁጥር አንድ። ስልክ የላቸውም። ያኔውኑ ተነስቼ ዳገቱን ልወጣ ጫማዬን ሁሉ አጥብቄ ነበር። ግን ሳምንቱን ሙሉ ስጨቃጨቅ ከርሜ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ነገ ቅዳሜ አይደል፣ ራሳቸው ይመጣሉ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መጡም። ሦስት ሰዓት ላይ፣ እኔ ወረቀቱን ይዤ በር ላይ ስጠብቅ፣ ኮርቻ በጀርባቸው አዝለው መጡ።

«ለማህበሩ ይሁን ብዬ ነው» አሉ፣ ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጡት። «ገዢው ኮርቻ አለኝ አለ። የኮን ከተማ ነጋዴ ነው፤ ጠዋት አይሱዙ ላይ ጭኗት ሄደ። ነገ ዳግማይ ትንሣኤ አይደል? እህል የሚያበላ ቤት ነው ብለውኛል፣ ተመስገን።» ከዚያ እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለመሆኑ፣ ዛሬስ አወጣኝ?»

ወረቀቱን አጥፌ መደበቅ አቃተኝ። ስማቸው ከላይ ነው፤ ማንበብ ባይችሉም የጣቴን ቦታ አዩት።

«አወጣዎት፣ እትዬ። የመጀመሪያዋ እርስዎ ነዎት። ድሮ ነበር መውጣት የነበረብዎት፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ቀንዎን ሳልሞላ ትቼው ነው። ትናንት እንኳን ዐውቄ፣ ደክሞኝ ቀረሁ።» እንባዬ መጣ።

«ተይ እንጂ፣ ልጄ» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉኝ። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ኮምፒውተሩ እኮ ነው።»

«ኮምፒውተሩ አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው። አላመኑኝም።