በዘነበች ትከሻ ላይ የቀሩት ጣቶች

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ለማሳደስ ፎቶ ልነሣ ሄጄ ነበር። ፎቶ አንሺው ገና ወጣት ነው። «እማማ፣ አገጭዎን ትንሽ ቀና» አለኝና አንሥቶኝ ሲያበቃ፣ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ግራና ቀኙን ቆርጦ ጣለው። እኔ ይህን ሥራ የተማርኩት በምላጭ ነው።

አሰላ ነው፣ በጃንሆይ ዘመን። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ከትምህርት በኋላ በእናቴ ዘመድ በጋሽ በቀለ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ጋሽ በቀለ ከካርቶን የተቆረጡ ሁለት ማዕዘኖች ሰጡኝ። እነሱን ፎቶው ላይ እያጠጋጋሁና እያራራቅሁ፣ የቱ ጋ ብቆርጠው እንደሚያምር እፈልጋለሁ። «ልጅቷ ወደምታይበት በኩል ቦታ ተይላት፤ ከግድግዳ ጋር አታላትሚያት» ይሉኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ጋሽ በቀለ ለሥራ ሮቤ ሄደው ሳለ፣ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ወልዴ መጡ። ልጃቸው ዘነበች የክፍሌ ልጅ ናት። አቦምሳ ለሚሠራ ጸሐፊ ልትታጭ ነው፤ የልጁ ቤተሰቦች መልኳን በፎቶ እንይ ብለዋል። ለመስቀል ከወንድሟ ከታደሰ ጋር የተነሣችው ፎቶ ነጋቲቩ እኛ ዘንድ ነበር።

«የእሷን ብቻ አውጪልኝ፤ ነገ በጠዋት የሚሄድ መኪና አለ» አሉኝ።

አተምኩት። ካርቶኖቼን አስጠግቼ ታደሰን በምላጭ አወጣሁት። ክንዱ ግን በእህቱ ጀርባ ዞሮ ስለነበር አራት ጣቶቹ ትከሻዋ ላይ ቀሩ። አይቻቸዋለሁ። እነሱን ልቁረጥ ብል ትከሻዋም አብሮ ሊሄድ ነው። ፊቷ አምሮ ስለወጣ፣ ማን ጣት ያያል ብዬ ተውኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አቶ ወልዴ ፎቶውን ይዘው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ገቡ። ጋሽ በቀለ ተመልሰዋል።

«ሽማግሌዎቹ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ‹ልጅቷን ወደናታል፤ የጣቶቹን ባለቤት ንገሩን› አሉኝ!»

«የታደሰ ነዋ!» አሉ ጋሽ በቀለ።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ታደሰ የታለ?»

ጋሽ በቀለ ፎቶውን አዩ፤ ከዚያ እኔን። «ልጁን አውጥተሽ እጁን አስቀረሽው?» አሉኝ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመለሳሉ። ሙሉው ፎቶ ካልታየ ጋብቻው ይቀራል፤ የዘነበችም ስም አብሮ ይጠፋል።

በማግሥቱ ጋሽ በቀለ ለምሳ እንደወጡ ዘነበች መጣች። ካፊያው ነጠላዋን አርሶታል።

«ነጋቲቩ ተበላሽቷል በያቸው» አለችኝ።

«አብደሻል? ስምሽስ?»

«ስሜን ተይልኝ። መስከረም ዘጠነኛ ክፍል ልግባ።»

«አባትሽ ይገድሉሻል።»

«ይመቱኛል እንጂ አይገድሉኝም» ብላ ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ትታ ታየኝ ጀመር። ነጠላዋን ተከናንባ ሄደች።

ቅዳሜ ጨለማው ክፍል ገብቼ ፎቶውን አተምኩ። ታደሰ ከነክንዱ፣ ከነጣቱ ወጣ። ከራሳቸው በላይ ያለው ቦታ አልበዛም፣ አላነሰም። ጋሽ በቀለ አዩትና «አሁን ገባሽ» አሉኝ። እንዲህ ሲሉኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሑድ ፎቶውን ራሴ ይዤ ሄድኩ። ለሽማግሌዎቹ ቅቤ የጠገበ ጭኮ ቀርቦላቸዋል። አንደኛው ሽማግሌ ታደሰን ጠርተው፣ እጁን ከፎቶው ጋር አስተያዩና ሳቁ።

«አንተ ልጅ! በጣትህ ልታፋጀን ነበር እኮ!»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ዘነበች የእጅ ውሃ ይዛ ገብታ ሁሉንም አስታጠበች። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።

መስከረም ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት ያለ እሷ ነው። ጥር ላይ ተዳረች። አቦምሳ ልጆች ወልዳ ደህና እንደኖረች ሰምቻለሁ፤ ከእሷ አፍ ግን አልሰማሁም።

ብዋሽ ኖሮ አባቷ ይደበድቧት ነበር፣ ከተማው ስሟን ያነሣው ነበር እያልኩ ብዙ ዘመን ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። ሐሰት አይደለም። ግን በዚያች ቅዳሜ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላሰብኩም። ያን ፎቶ ሳትም የማስበው፣ ሥራዬ ተነቅፏልና በትክክል መሥራት እንደምችል ይታይልኝ ብቻ ነበር።