የጎሳዬ ግሶች

ጎሳዬ ወንበር አይበረክትለትም። ጂንካ ባለው ቢሯችን አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን ሠርተናል፤ "ተቀምጠን" ስል ግን ስለ ራሴ ነው። እሱ ይነሳል፣ ይወጣል፣ የድሮው አውሮፕላን ሜዳ ላይ በላሞቹ መካከል ይመላለሳል፣ ተመልሶ "ሙሉሽ፣ ያቺን ቃል አጥፊያት" ይለኛል። እኔ ጸሐፊ ነኝ። የተየብኩትን ማጥፋት ደሜን ያፈላዋል።

በ1986 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ መጣ። "ሁለት ዓመት ሠርቼ እቀየራለሁ" እያለ ሃያ ዓመት አለፈው። ጣልያንኛውን ያገኘው መንገድ ሥራ ላይ ከነበረ አንድ ሽማግሌ ጣልያናዊ መካኒክ ነው። ሰውየው በክረምት እረፍት አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረው፤ ሲሄድ ደግሞ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ትቶለት ሄደ። ድርጅታችን ከትምህርት ቤቱ የወሰደው በዚያ መጽሐፍ ምክንያት ነው።

ሥራችን እንዲህ ነው። ጣልያን አገር ያሉ ሰዎች እዚህ ቆላ ውስጥ ያሉ ልጆችን ገንዘብ እየላኩ ያስተምራሉ። የመስክ ሠራተኛችን አሕመድ በሞተር አርቦሬ ድረስ ወርዶ ልጁንም ወላጁንም ያናግርና የሰማውን በእንግሊዝኛ ፎርም ላይ ይሞላል። ጎሳዬ በልጁ ስም ደብዳቤ አድርጎ ወደ ጣልያንኛ ይመልሰዋል። እኔ ከእጅ ጽሑፉ ላይ ፊደል በፊደል እየቀዳሁ እተይባለሁ፤ የምተይበውን ግን አላውቀውም።

አሕመድ ታዲያ ያለው ሦስት ግስ ብቻ ነው፦ ላቭ፣ ሚስ፣ ሆፕ። ላሟ የሞተችባትም እናት፣ ዝናብ የጠፋባትም እናት፣ በአሕመድ ፎርም ላይ ትወዳለች፣ ትናፍቃለች፣ ተስፋ ታደርጋለች። ጎሳዬ ይህን ሲያይ ያብዳል። "ላቭ እኮ ለጣልያን አንድ አይደለም" ይለኛል እየተንጎራደደ። "ለፍቅረኛ ሌላ ነው፣ ለእናትና ለልጅ ሌላ ነው። ሚስ ሲል ደግሞ እንግሊዙ ከራሱ ይጀምራል፤ ጣልያኑ ግን እንደኛው 'ናፈቅሽኝ' ነው የሚለው።" ለአንድ ግስ ግማሽ ቀን ይሄዳል። የአሕመድ አንዲት መስመር በጎሳዬ እጅ አንድ ገጽ ሆና ትወጣለች። ጠያቂም አልነበረውም፤ ከእሱ ሌላ ጣልያንኛ የሚያውቅ ቢሯችን ውስጥ የለማ።

ሲኞራ ኢዳ የሚባሉ አሮጊት፣ ሃዊ የምትባል የአርቦሬ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያስተምሩ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ተጻጻፉ። ሃዊ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ጂንካ መጥታ አዳሪ ሆነች። በዚያው ዓመት ሲኞራ ታመው ኖሮ አንድ ጥያቄ ላኩ፦ "ልጄ፣ እውነት ትወጂኛለሽ?"

ጎሳዬ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ልጅቷ አሁን ቅርብ ናት፣ አማርኛም ትችላለች፤ የአሕመድን ፎርም መጠበቅ አያስፈልግም። አስጠራትና ጠየቃት።

ሃዊ ዘለግ ያለች፣ ስትናገር ሰው ዓይን ውስጥ የምታይ ልጅ ናት። "ቲቸር፣ እኔ ሴትዮዋን አላውቅም" አለችው። "እንዴት እወዳለሁ? እፈራለሁ እንጂ። ፖስታ ሲመጣ፣ ካሁን በኋላ አላስተምርሽም የሚል ይመስለኛል።"

ያለችውን እንዳለ ጻፈው። "እንዳትልከው" አልኩት። "ልጅቷን ከትምህርቷ ልታስወጣት ነው?" አልሰማኝም፤ ላከው። ዘጠኝ ዓመት ሲጨማምር ኖሮ ዛሬ ምን እውነተኛ አደረገው ብዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት።

የፈራሁት አልቀረም። የሲኞራ መልስ መጣ፦ "ይህ የልጄ ደብዳቤ አይደለም። የልጄን አጻጻፍ አውቀዋለሁ። ትምህርቷን ትታ ከሆነ በግልጽ ንገሩኝ፤ የማላውቃትን ልጅ አላስተምርም።"

ሃዊ ተጠርታ ይህ ተነገራት። አላለቀሰችም። "የድሮዎቹን አንብብልኝ" ብቻ አለች። ፋይሉን አወጣሁለት፤ እሱም ዘጠኝ ዓመት በስሟ የጻፈውን ወደ አማርኛ እየመለሰ ከጠዋት እስከ ምሳ ቆሞ አነበበላት። "ዛሬ ዘነበ፤ አንቺም ዘንድ ዘንቦ ይሆን ብዬ ሰማዩን ሳይ ዋልኩ።" "ስምሽን አሸዋ ላይ ጽፌ ፍየሎቹ እንዳይረግጡት ዙሪያውን በእሾህ አጠርኩት።" ያን ሁሉ እኔው ነኝ የተየብኩት፤ ምን እንደሚል የሰማሁት ግን ገና ያን ቀን ነው።

አንብቦ ሲጨርስ ሃዊ "ይቺን ልጅ እኔም እወዳታለሁ" አለች። ከዚያ እስክሪብቶ ጠይቃ በራሷ እጅ፣ በአማርኛ ጻፈች፦ "እነዚያን ደብዳቤዎች የጻፈው ቲቸር ጎሳዬ ነው። እሱ ይወድሻል። እኔ ገና አላውቅሽም። ትምህርት ግን እወዳለሁ። እንዳትተዪኝ።"

ይህንን መተርጎም እንግዲህ የጎሳዬ ሥራ ነው። ሦስት ቀን ከቢሮ ሜዳ፣ ከሜዳ ቢሮ ሲመላለስ እኔንም አላስቀመጠኝ። "'ይወድሻል' ያለችውን ላውጣው ይሆን?" አለኝ በመጨረሻ።

"ውሸት ከሆነ አውጣው" አልኩት።

አላወጣውም። እኔም ተየብኩት፤ የዚያን ጊዜስ የምተይበውን አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ሃዊ በቢሯችን ደጅ ባለፈች ቁጥር አንገቷን አስግጋ ታየኛለች፤ እኔ ገና አልመጣም ስል ራሴን እነቀንቃለሁ። በሦስተኛው ወር ከሲኞራ ሁለት ፖስታ መጣ፤ አንዱ ለሃዊ፣ አንዱ ለጎሳዬ። የእሷ አንዲት መስመር ነበረች፦ "ትምህርትሽን ጨርሺ፤ እስከዚያ እንተዋወቃለን።" ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ከታ ወደ ክፍሏ ሄደች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ሮጠች።

የራሱን ጎሳዬ ቆሞ በአማርኛ አነበበልኝ። ሲኞራ አልተቆጡትም። "ዘጠኝ ዓመት ፖስታ እየጠበቅሁ እንድኖር አድርገኸኛል" ይላሉ። "ግን እኔ አሮጊት ነኝ፣ ሩቅም ነኝ። ይህን ሁሉ የምትነግረው ሰው እዚያ አጠገብህ የለም ወይ?"

ወረቀቱን አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው። "ምን ብዬ ልመልስላቸው?" አለኝ ሳያየኝ።

አሥራ አንድ ዓመት የዚህን ሰውዬ ግስ ስተይብ ኖርኩ፤ አንዱንም ለእኔ ብሎት አያውቅም። ተናደድኩ፣ ደግሞም አፈርኩ። ቢሆንም ከአፌ ወጣ።

"አለች በላቸው" አልኩት።